ፍሬቶቼን ደልድዬ አናታቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ፤ ክራውኑን (የአናቱን ድቡልቡል ቅርፅ) እንዴት ልመልሰው?

ጀማሪ22፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጊታሬ ኤሌክትሪክ ነው። ባለ 22 ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ብረቶች)፣ ክሩ ከላይ ከሚያርፍበት ነት እስከ ታች ከሚያርፍበት ብሪጅ 648 ሚሊ። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ከእኔ በፊት የያዘው ሰውዬ ክር መሳብ ይወድ ነበር መሰለኝ፣ ከ12ኛ እስከ 15ኛ ያሉት ፍሬቶች በቀጫጭኖቹ ክሮች በኩል ተበልተው ነበር። ክሩን ወደ ጎን ስስበው አሸዋ ላይ የሚጎተት ነበር የሚመስለው። 13ኛው ላይ ስጫን ደግሞ ዝዝዝ ይላል።

ራሴ ልሞክረው አልኩ። ክሮቹን አወለቅኩ። ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ላይ ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት ለጠፍኩና ሁሉንም ፍሬቶች ደለደልኳቸው። ማስመሪያ ሳስቀምጥባቸው ከሥሩ ብርሃን አያሳልፍም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ክር መልሼ ስመታው ጉዱ መጣ። የፍሬቶቹ አናት ጠፍጣፋ ሆኗል። የተበሉት አካባቢ በካሊፐር ስለካው ጠፍጣፋው ወደ 1.5 ሚሊ ይሰፋል። ድምፁ ንብ የገባበት ጣሳ ነው። ቲዩነሩ (የድምፅ መቃኛዬ) 17ኛው ላይ ወደ 5 ሴንት (የግማሽ ድምፅ 5 መቶኛ) ከፍ ብሎ ያሳየኛል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። 13ኛው ደግሞ ዛሬም ዝዝ ይላል!

ለክራውን የሚሆን ጎድጓዳ ሞረድ አለኝ፣ ገና አልነካሁትም። አባቴ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ አግኝቻለሁ። በየቱ ልጀምር? የት ላይ ነው የሚቆመው? ከዚያ መወልወሉስ በስንት ቁጥር ወረቀት ነው? አንዱ እስከ 12000 ይላል፣ ሌላው 600 ይበቃል ይላል። ግራ ገባኝ።

ቤዝ ብቻ፦

ይህን ያህል አትጨነቅ ወንድሜ። ጎድጓዳውን ሞረድ ያዝና ድቡልቡል እስኪሆን ሞርደው። ከዚያ አራት ዜሮ የሚባለውን ደቃቅ የብረት ሱፍ ያዝና እሽት እሽት። በግማሽ ሰዓት ያልቃል። እኔ ቤዜን እንዲህ ነው የማደርገው፣ እስካሁን ማንም ቅሬታ አላቀረበም። ቤዝ ማን ይሰማል ካላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ባለሞረዱ፦

ጀማሪ፣ ከጊታሩ ላይ እጅህን አንሳና መጀመሪያ ይህን አንብበው። «ድቡልቡል እስኪሆን ሞርደው» የሚለውን ምክር ከሰማህ ነገ ፍሬት ነቃይ ትፈልጋለህ። ቤዝ ብቻ አትቀየመኝ። የቤዝ ክር ወፍራም ነው፣ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል።

ለምን ከፍ እንዳለብህ ልንገርህ። ጣትህ ክሩን የሚጫነው ከፍሬቱ በስተኋላ ነው። ከፍሬቱ ወዲያ ክሩ ወደ ብሪጁ ትንሽ ሽቅብ ይወጣል። አናቱ ድቡልቡል ከሆነ የሚነካው መሀሉን ነው። ፍሬቱ የት ይተከል ተብሎ ሲሰላም የታሰበው ይኸው መሀል ነው። ጠፍጣፋ ሲሆን ግን ክሩ የሚለቀው በብሪጁ በኩል ካለው ጠርዝ ነው። ጠፍጣፋው 1.5 ሚሊ ከሆነ የሚርገበገበው ክር በ0.75 ሚሊ አጠረብህ ማለት ነው። ያጠረ ክር ደግሞ ድምፁ ከፍ ይላል።

0.75 ሚሊ ምን አላት ትል ይሆናል። 1ኛው ፍሬት ላይ 2 ሴንት ገደማ ናት፤ ብዙ ጆሮ አይሰማትም። 17ኛው ላይ ግን የሚርገበገበው ክር 243 ሚሊ ብቻ ነው። እዚያ 5 ሴንት ትሆናለች። 22ኛው ላይ 7 ትደርሳለች። በግማሽ ድምፅ ውስጥ ያለው 100 ሴንት መሆኑን አትርሳ። ቲዩነርህ አልዋሸህም። የንቡም ነገር ከዚሁ ይመጣል። ክሩ ከጠፍጣፋው ላይ በንጽሕና አይለቅም፣ እየተርገበገበ ሜዳውን ይነካካዋል።

(ይህ የፍሬት ሂሳብ ያረጀ ጣጣ ነው። የጋሊሌዮ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ሙዚቀኛ ነበር። በ1581 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለሉት (ጊታር መሰል የድሮ መሣሪያ) ፍሬት 18 ለ17 የሚለውን ስሌት አቅርቧል፤ የቀረውን ክር ለ18 እያካፈሉ አንዱን እጅ መቁረጥ። ዛሬ የምናካፍለው ለ17.817 ነው። የእሱ ዘመን ፍሬት አንገቱ ላይ የሚታሰር አንጀት ስለነበር ካልተስማማው ገፋ ያደርገዋል። የእኛ ብረት ነው፣ አይገፋም። የተሳሳትነውን በሞረድ ነው የምንከፍለው።)

አሁን ወደ ሥራው።

ከሁሉ በፊት 13ኛው ላይ የሚሰማህን ዝዝታ ጥፋተኛ እንፈልግ። 13ኛውን ስትጫን ክሩ የሚነካው 14ኛውን ሳይሆን አይቀርም። ከደለደልክ በኋላም ካልተወህ፣ 14ኛው ረዝሞ ሳይሆን ተነስቶ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተነሳ ፍሬት ስትደለድለው በወረቀቱ ክብደት ዝቅ ይላል፤ ስትለቀው ተመልሶ ብቅ ይላል። ጫፉን በእንጨት ተጫነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ ወይ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ካየህ፣ በጣም ቀጭን የሆነውን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግበት። ራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እስኪደርቅ በእንጨትና በክላምፕ ተጭኖ ይቆይ። ከሥሩ ቴፕ ለጥፍ፣ ሙጫው የጣት ሰሌዳው (ፍሬቶቹ የተተከሉበት እንጨት) ላይ እንዳይፈስ። ሲደርቅ እንደገና ትደለድላለህ። ያኔ አንገቱ በትረስ ሮዱ (በውስጡ ባለው ማስተካከያ ዘንግ) ፍጹም ቀጥ ማለት አለበት። ጎብጦ ሳለ ከደለደልከው ጉብጠቱን ፍሬቱ ላይ ቀረጽክ ማለት ነው።

ቴፕ። የጣት ሰሌዳውን በሙሉ በወረቀት ቴፕ ሸፍነው፣ በሁለት ድርብ። የቴፑ ጠርዝ ፍሬቱን ይጠጋ እንጂ አይውጣበት። ፒካፖቹንም (ከክሮቹ ሥር ያሉትን ማግኔት ያላቸው ድምፅ መቀበያዎች) ሸፍን።

ማርከር። የእያንዳንዱን ፍሬት አናት ከዳር እስከ ዳር ቀባ። ሰዉ ጥቁር ነው የሚጠቀመው፣ እኔ ቀይ። ብናኙ ግራጫ ስለሆነ ጥቁር ማርከር ዓይኔን ያሳስተዋል።

መብራት። ከላይ የሚያበራውን አጥፋና አንድ መብራት ዝቅ አድርገህ ከጎን አብራ። ጠፍጣፋው እንደ መስታወት ቁራጭ ብልጭ ይልልሃል። ይህን ካላደረግክ የምትሠራው በጭፍን ነው።

አሁን ሞረዱ። ጎድጓዳው ከፍሬትህ ጋር መግጠሙን እይ። ከፍሬቱ በጣም ከሰፋ ትከሻውን (ከአናቱ ግራና ቀኝ ያለውን ጎን) ትቶ አናቱን ነው የሚበላው፤ አንተ የምትፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው። ከገጠመልህ በፍሬቱ ርዝመት፣ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ እየሄድክ ሞርድ። አትጫን። የሞረዱ ክብደት ይበቃዋል። ክርንህን ከጎንህ ጋር አጣብቀው፤ ሞረዱ ካዘመመ ክራውኑም ያዘማል።

አሥር ጊዜ ያህል ሂድበትና አንሥተህ እይ። ማርከሩ ከሁለቱም ትከሻ ይጠፋና መሀል ላይ ቀይ መንገድ ይቀራል። መጀመሪያ ሰፊ ነው። እየሞረድክ ስትሄድ ይጠባል። ግማሽ ሚሊ አካባቢ ሲደርስ እጅህን አለዝብ፣ በየሁለት ምቱ እያየህ ሂድ። ስፌት ክር የመሰለ መስመር ሲቀር፣ 0.3 ሚሊ ገደማ፣ ሞረዱን አስቀምጥ። ፍሬቱ ዘውዱን ደፍቷል። ያ ቀይ ክር የደለደልከው ከፍታ ነው። እሱ እስካለ ድረስ 22ቱም እኩል ናቸው።

እሱን ማጥፋት ምን እንደሚያመጣ ከእኔ ስማ። አንድ ጊዜ የሰው አኮስቲክ ጊታር ይዤ ነበር። ፍሬቱ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ስለተደለደለ የቀረው ከፍታ 0.7 ሚሊ አካባቢ ነው። 7ኛው ላይ ስደርስ መስመሩ ቀጥኗል፣ እኔ ግን «ትንሽ ይቀረዋል» እያልኩ አልተውም። ማርከሩ ጠፋ። ፍሬቱ እንደ ዕንቁ ያምራል፣ ወለወልኩት፣ ክር አሰርኩ። 7ኛውን ስጫን ክሩ 8ኛውን ይነካል! ዝቅ ያለው አንድ ፍሬት ነው፣ ለእሱ ሲባል ግን ሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ማለት ነበረባቸው። ለመደልደል የሚበቃ ብረት አልቀረም። ፍሬቱን ነቅዬ ሌላ ተከልኩ። ባለቤቱ ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለ ሦስት ማዕዘኑን ሞረድ በተመለከተ፦ እኔ በበኩሌ ከጎድጓዳው ይልቅ እሱን ነው የምወደው። ግን እንዳለ አይሆንም። ሦስቱን ስለታም ጠርዞች በመሳያ ድንጋይ ፍቀህ ጥርሳቸውን አጥፋ፣ ጣትህን ስታስኬድባቸው እስኪለሰልሱ። አለበለዚያ ሰሌዳውን ያርሰዋል፣ ቴፕ አያድንህም። ከዚያ አንዱን ትከሻ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እያዘነበልክ ታወርደዋለህ። አናቱን ጨርሶ ስለማይነካ መስመሩን በስህተት ማጥፋት ከባድ ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በጎድጓዳው ጀምር፣ መስመሩ ግማሽ ሚሊ ሲደርስ በሦስት ማዕዘኑ ጨርስ።

መወልወሉን ማታ እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

የማይዝገው፦

ባለሞረዱ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጀማሪ፣ ፍሬትህ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ አረጋግጥ። ተራው ኒኬል ሲልቨር ከሆነ ማንኛውም ደህና ሞረድ ይቆርጠዋል። ስሙ ብር ነው እንጂ ውስጡ ብር የለም፤ መዳብ፣ ዚንክና 18 በመቶ ገደማ ኒኬል ነው። አይዝጌ ብረት ከሆነ ግን ተራው ሞረድ ጥርሱን ያረግፋል። ዳይመንድ ሞረድ ነው የሚያስፈልገው። የእኔ አይዝጌ ነው። ክራውን ለማድረግ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፣ ግን አንዴ ከተወለወለ ለዓመታት አይጠየቅም።

ጀማሪ22፦

ኒኬል ሲልቨር ነው፣ እንደዚያ የተበላው ለዚያ ነው ማለት ነው።

ጋሼ ባለሞረዱ፣ 14ኛው እንዳሉት ተነስቷል! በእንጨት ስጫነው ቀጭ አለ። በቀጭኖቹ ክሮች በኩል ያለው ጫፍ ነው። ለአንድ ሳምንት ቪዲዮ ሳይ ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። ሙጫውን ጨምሬ ክላምፕ አድርጌዋለሁ። ማታውን እጠብቃለሁ።

ባለሞረዱ፦

ጋሼ ካልከኝ አይቀር ተቀመጥና ስማ።

ክራውን ካደረግክ በኋላ ፍሬቱ በርዝመቱ የሄዱ የሞረድ ጭረቶች አሉበት። መወልወል ማለት ጭረትን በሚያንስ ጭረት መተካት ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። ቁጥር አትዝለል። ከ400 ወደ 1500 የዘለለ ሰው የሚያብለጨልጭ ጭረት ነው የሚያገኘው፤ ጣቱም ያውቅበታል።

የእኔ ዘዴ ይኸውልህ። በ400 ከፍሬቱ ጋር መስቀለኛ ሂድ፣ ማለትም በአንገቱ ርዝመት። የሞረዱ ጭረት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በአዲሱ አቅጣጫ ብቻ ሲቀር 600 ያዝና በፍሬቱ ርዝመት ሂድ። ቀጥሎ 800 እንደገና መስቀለኛ። እንዲህ እያፈራረቅክ ስትሄድ ያለፈው ቁጥር መጥፋቱን ዓይንህ ይነግርሃል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄድክ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት አትችልም። የመጨረሻው ግን ምንጊዜም በፍሬቱ ርዝመት ይሁን። ክሩን ስትስብ የሚንሸራተተው በዚያ አቅጣጫ ነው። የቀረ ጭረት ቢኖር እንኳ ክሩ አብሮት ይሄዳል እንጂ አይጋጭም።

ወረቀቱን በባዶ ጣት አትያዘው፣ ጠንካራ እንጨትም ላይ አትጠቅልለው። እንጨት መልሶ አናቱን ያጠፈጥፈዋል። የተማሪ ላጲስ ውሰድ። በሞረድህ ማዕዘን ጎድጎድ ያለ መስመር ቆፍርበትና ወረቀቱን በዚያ ላይ አስቀምጥ። ላጲሱ ፍሬቱን አቅፎ ይሄዳል። 400ው ላይ ብዙ አትቆይ፣ እሱም ብረት ይበላል። ቀዩ ክር በዚህ ደረጃ ይጠፋል፤ አይጨንቅህ፣ ሁሉም ላይ እኩል እስከሄድክ ድረስ። ስለዚህ ቁጠር። እኔ ለያንዳንዱ ፍሬት ሃያ ምልልስ ነው የምሰጠው፣ የምወደው ፍሬት የለኝም።

12000 ያለህ ሰው አልዋሸም፣ እስከዚያ የሚሄዱ ለስላሳ ጨርቅ መሳይ ወረቀቶች አሉ። ለእኔ 2000 ካለፈ በኋላ የብረት ማብሪያ ቅባት በጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁ ጥቁር ይሆናል፤ አትደንግጥ፣ እየተፋቀ የሚወጣው ብረት ነው። አናቱ የመስኮቱን ክፈፍ ማሳየት ሲጀምር ጨርሰሃል። 600 ይበቃል ያለህ ሰው ግን ክር ስቦ አያውቅም።

በሚሽከረከር ትንሽ ማሽን የሚወለውል ሰው አለ። ፈጣን ነው። ነገር ግን ፍሬቱ ይግላል። ከሥሩ ያለው ሙጫ ይለቃል፣ የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ፕላስቲክ ካለ ደግሞ ይቀልጣል። አንተ አሁን ያጣበቅከው 14ኛ አለህ። በእጅህ ሥራ።

የብረት ሱፍ ነገር፦ ቤዝ ብቻ፣ አራት ዜሮው መጥፎ አይደለም፣ አልክድህም። ጣጣው ብናኙ ነው። ማግኔት ስለሚይዘው ፒካፑ ላይ ጢም ያበቅላል፣ ከዚያም አይወጣም። የኒኬል ሲልቨር ብናኝ በተቃራኒው ማግኔት አይዘውም። ስለዚህ ጀማሪ፣ «በማግኔት እሰበስበዋለሁ» ብለህ እንዳትጃጃል፤ በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። አፍንጫህንም ሸፍን።

ቴፑን ስታነሳ ቀስ ብለህ፣ ዝቅ አድርገህ ሳበው። ቸኩለህ ሽቅብ ከነጠልከው ከሰሌዳው ላይ ስንጣሪ ይዞ ይነሳል።

ቤዝ ብቻ፦

ጢም ያልከውን አሁን ሄጄ አየሁት። ሁለቱም ፒካፖች ላይ አለ። ለስድስት ዓመት ሻጋታ ነው ብዬ ነበር የማስበው 😂

የማይዝገው፦

የፍሬቶቹን ጫፍ አትርሱ እንጂ። ሰሌዳው ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አይኮማተርም፤ ጫፉ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ሞረድ በእጅ ላይ ሳለ እግረ መንገድን ማለስለስ ነው። ትንሽ፣ አንድ ጎኑ ጥርስ የሌለው ሞረድ ይበቃል።

ጀማሪ22፦

ይኸው ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስኩ።

14ኛው ተቀምጧል። ሁሉንም እንደገና ደለደልኩ፣ በጣም ትንሽ ነው የወሰደው። ክራውኑን በቀን ስድስት ስድስት ፍሬት እያልኩ አራት ቀን ሠራሁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁን ለመድኩት። ሞረዱ ጠፍጣፋው ላይ ሲሆን ይጮኻል፣ ትከሻው ላይ ሲይዝ ድምፁ ይወርዳል። ይህን ማንም አልጻፈልኝም፣ ለሌላ ጀማሪ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

ላጲሱ ሠራ! 1000 ላይ ስደርስ ምንም ለውጥ የለውም ብዬ ልተወው ነበር። 1500 ላይ በድንገት አምፖሉን አየሁት፣ 12ኛው ፍሬት ውስጥ።

አሁን 17ኛው 1 ሴንት ላይ ነው፣ አንዳንዴም ዜሮ። አንገቱን መልሼ ትንሽ አላላሁት። 1ኛውንና የመጨረሻውን ስጫን 7ኛው ላይ ያለው ክፍተት 0.2 ሚሊ ነው። ንቡ ሄዷል። ክሩን ስስብ የሚሰማኝ የጣቴ ድምፅ ብቻ ነው።

ግን አንድ ነገር አለ ጋሼ። 3ኛው ፍሬት ላይ መስመሩን አጥፍቼዋለሁ። ገና እጄ ሲንቀጠቀጥ ነው። ቀጥ ያለች አጭር ብረት 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ላይ ሳስቀምጥ መሀል ላይ ፀጉር የምታህል ብርሃን ትታየኛለች። ሁሉንም ልድገመው?

ባለሞረዱ፦

3ኛውን ስትጫን 4ኛው ላይ ይነካል?

ጀማሪ22፦

አይነካም። ስድስቱንም ክር በኃይል መትቼ ሞከርኩት። ንጹሕ ነው።

ባለሞረዱ፦

እንግዲህ ምን ቀረህ? ያቺን አጭር ብረት ሞረዱ ያለበት ሣጥን ውስጥ ክተታትና ጊታርህን ምታ።